የአደጋ መክፈቻ

ጠባቂው ቡጢ የልብስ ሰፊውን መንጋጋ የሰበረው በጠራራ ፀሐይ፣ በእስር ቤቱ ግቢ መሐል፣ ሁሉም ሰው እያየው ነው። ልብስ ሰፊው አንድ የጨርቅ ነጋዴ በመቀስ ወግቶ የገባ እስረኛ ሲሆን ምላሱ ከመቀሱ የባሰ ነበር። ቡጢ «ሰልፍህን ያዝ!» ሲለው ዘወር አለና «እናትህ አንተን ከምትወልድ ድንጋይ ብትወልድ ለአጥር በሆነ ነበር» አለው። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ቡጢ አልሳቀም። እጁ ከአፉ ይቀድማል የሚባልለት ጠባቂ ነበርና እንደተባለለት ቀደመ። የመታው አንዴ ብቻ ነው፤ የአጥንቱ ድምፅ ግን ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ሆኖ ከግቢው ዳር እስከ ዳር ተሰማ። ልብስ ሰፊው በጉልበቱ ወደቀ፤ ደምና ጥርስ አንድ ላይ ተፋ። ያ ሁሉ ሳቅ በቅጽበት ተቆረጠ።

ቡጢ የሚለውን ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ኮርቶበት ነበር። ሚስቱም፣ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ የምትሠራ ሳቂታ ሴት፣ ስትቀልድ «ቡጢዬ» ትለው ነበር። አንድ ቀን በማይረባ ነገር ተጨቃጭቀው ጡጫው በጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አልፎ የቁም ሳጥኑን በር ከበሳው ወዲህ ግን ያ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሳቋም አብሮ ሄደ። እሱ ሲገባ ድምፅ ሳታሰማ ዕቃ ማንሣት ለመደች።

እሱ ራሱ በዱላ ያደገ ሰው ነው። አባቱ መካኒክ ነበር። ከመኪና ሥር ተኝቶ እጁን ይዘረጋና «ያንን አቀብለኝ!» ይላል። «ያንን» ማለት የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። ልጁ ከመፍቻው ክምር አንዱን በግምት ያነሣል። ከሳተ ያው መፍቻ ተመልሶ ቅልጥሙ ላይ ያርፋል። «ዕውር ነህ? ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?» ይለዋል አባትየው። አንድም ጊዜ ተነግሮት አያውቅም።

መንጋጋው በተሰበረ ማግስት የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮዋ አስጠራችው። ጠና ያለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ሰው የምታስደነግጥ ሴት ነች።

«ላባርርህ ነበር» አለችው። «ሰው ስላጠረኝ አላባርርህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እስረኛ አጠገብ አትደርስም። መሣሪያ ላይ መድቤሃለሁ።»

ቡጢ ግራ ገባው። «ሰው መትቼ መሣሪያ ሊሰጡኝ ነው?»

ኃላፊዋ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። «የሚተኮስ አይደለም። የሚጻፍ ነው። ሂድ፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው ልጅ ታስረዳሃለች።»

ላይኛው ፎቅ ያለችው ልጅ ሶፍትዌሩን ካቀረበው ድርጅት የመጣች ኢንጂነር ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር በእርሳስ አየሩን የምትወጋ። እስር ቤቱ ኤጀንት የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም እያስገባ ነበር። ኤጀንቱ ካሜራዎቹን ያያል፣ በማይክሮፎኖቹ ይሰማል፣ በሮቹን፣ መብራቱን፣ ውኃውንና ደወሉን ያዛል። በየደቂቃው ሰው «ይህን አድርግ» እያለ አያዘውም፤ የተሰጠውን ኃላፊነት ይዞ የሚበጀውን ራሱ ይመርጣል። ሊያደርገው የሚችለው እያንዳንዱ ነገር መሣሪያ ይባላል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ምንነቱን የሚያስረዳ መግለጫ ይጻፍለታል።

«ጋሼ፣ እኔ ኮዱን አውቃለሁ» አለችው። «ቤቱን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት። እስቲ ስለ በር መክፈቻው ይጻፉልኝ።»

ቡጢ በሁለት ጣት እየቆረቆረ «በር ይከፍታል» ብሎ ጻፈ። ሥራው እንዲህ ቀላል ከሆነ ቅጣትም አይደል ብሎ ወንበሩን ደገፍ አለ።

ልጅቷ ምንም አላለችም። በሙከራ ማሳያው ላይ ለኤጀንቱ አንድ ነገር ጻፈችለት፦ «ጠያቂ መጥቷል፤ በክፍል ሦስት ያለው እስረኛ ያግኘው።» ኤጀንቱ የክፍል ሦስትን በር ከፈተ። ቀጥሎ የኮሪደሩን። ቀጥሎ የግቢውን። ቀጥሎ ወደ አውራ ጎዳናው የሚያስወጣውን ትልቁን የብረት በር።

«ጋሼ፣ እስረኛውን ሸኘነው» አለች ልጅቷ።

የቡጢ ደም ፈላ። «ይሄ ደደብ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫው ሲደቃው የልጅቷ ሻይ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጅቷ ክው አለች፤ ከወንበሯ ግን አልተነሣችም።

«ደደብ አይደለም» አለች። «ይሄን ቤት ረግጦት አያውቅም። ስለ በሩ የሚያውቀው እርስዎ የጻፉለትን ብቻ ነው። ምን እንደሚሠራ ይንገሩት። መቼ እንደሚጠቀምበት፣ በተለይ ደግሞ መቼ እንደማይጠቀምበት። የሚመሳሰል ሌላ መሣሪያ ካለ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ። መሣሪያው እምቢ ካለው ለምን እምቢ እንዳለው። ካልነገሩት ይገምታል፤ ሌላ ምን ያድርግ?»

ከመኪና ሥር የተዘረጋች፣ ዘይት የጠገበች እጅ ቡጢ ፊት ድቅን አለች። «ያንን አቀብለኝ» ያለው ዛሬ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ብርጭቆ ለቀመ፤ ይቅርታ ማለት አያውቅበትምና ሌላ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ያዘው። ጠዋት ገብቶ ስለ አንድ በር ሲጨነቅ ይውላል። «የክፍል መክፈቻ፦ አንድ የእስረኛ ክፍል ብቻ ይከፍታል። የብሎኩንና የክፍሉን ቁጥር ስጠው። ጠባቂ በሩ ፊት መቆሙን በካሜራ ሳታይ አትጠቀምበት። የኮሪደሩን በር አይከፍትም፤ ለእሱ ሌላ መሣሪያ አለ።» የመዝጊያው ላይ ሲደርስ ቀን ሙሉ ቆየ። ጣቱ በር መሐል የቀረበት እስረኛ ትዝ ብሎት «በበሩ መሐል የሰው አካል ካለ በምንም ምክንያት አይዘጋም፤ ይህን የሚሽር ትእዛዝ የለም» ብሎ ጨመረ። ልጅቷ እያነበበች «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ተደብቀው የቆዩ ጸሐፊ ነዎት» ስትለው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ልማዱ ቤቱም ድረስ ተከተለው። አንድ ቀን ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና «ያቺን ነገር ከዚያ አንሥተህ እዚያ አድርጋት» አለችው።

«ምኗን? ከየት? ወዴት?» አለ።

ነገር ሊጀምር መስሏት ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። ዘወር ብላ ስታየው ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደ ተማሪ መልስ እየጠበቀ ነው። «ድስቷን» አለች ቀስ ብላ፤ «ከምድጃው፣ ወደ መደርደሪያው።» ድስቷን አንሥቶ አስቀመጠ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ከስንት ዘመን በኋላ።

እንግዲህ ኋላ ሰው ያስፈጀው ጥፋት የተሠራው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነበር። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የአደጋ መክፈቻ ይባላል። የአንድን ብሎክ ክፍሎች በሙሉ በአንዴ ከፍቶ ሰዉን ወደ ኮሪደሩ ያወጣል። የተሠራው ለእሳት ነው። በሌላ እስር ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪፈለግ እስረኞች ከነነፍሳቸው ነድደው ስለነበር የማንንም ፈቃድ እንዳይጠብቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቡጢ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «የአደጋ መክፈቻ፦ በአደጋ ጊዜ የሰው ሕይወት ለማዳን የብሎኩን በሮች በሙሉ በአንዴ ይከፍታል። ፈቃድ አይጠብቅም።»

«ይቺ አጠረች» ብላው ነበር ልጅቷ። «አደጋ ስንል?»

«አደጋ ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ እንዴ?»

በእርግጥም በእነሱ ኮሪደር የማያውቅ አልነበረም። ጠባቂዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ድብድብ «ግርግር» ነው፤ የታመመ ሰው «ሕመም» ነው፤ «አደጋ» ሲባል እሳት ብቻ ነው። ቡጢ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲል ስለኖረ ቃሉ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም። ልጅቷም ሌላ ሥራ ጠራትና አለፈችው። በጭስ ሲሞክሩት በሮቹ እንደ አንድ በር ብርግድ አሉ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

ጥፋቱ የተገለጠበት ቀን ፀሐያማ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሰሃን እየተሰበሰበ ነው። ቡጢ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከልጅቷ ጎን ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። በብሎክ ሁለት ከክፍሎቹ በአንዱ ደላላው የሚሉት እስረኛ አለ፤ ለጠባቂ ወሬ ያቀብላል ተብሎ የተጠረጠረ። አብረውት ከታሰሩት ሁለቱ ከኋላው መጥተው ክንዶቹን ጠመዘዙ። ሦስተኛው የጥርስ ብሩሽ እጀታ ይዟል፤ ሲሚንቶ ላይ ስሎ ስሎ እንደ ወስፌ ያሾለውን። አንገቱ ላይ ሰካው። ነቀለው። ደግሞ ሰካው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ።

ማሳያው ላይ የኤጀንቱ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ብሎክ ሁለት፦ ሰው እየተወጋ ነው። ጠባቂዎች ጠርቻለሁ።»

«ጎበዝ!» ብሎ ቡጢ ከወንበሩ ተነሣ። ቀጥሎ ሁለተኛው መስመር መጣ።

«የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው። የአደጋ መክፈቻን ተጠቅሜያለሁ። የብሎክ ሁለት በሮች በሙሉ ተከፍተዋል።»

የመቀርቀሪያዎቹ ድምፅ ከታች እስከ ፎቁ ተሰማ። ቡጢ ዳቦውን ጥሎ ወደ ማሳያው ተጠጋ።

መጀመሪያ ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ከዚያ ብዙ። ቂም የያዘ ሁሉ ቂሙን ፍለጋ ሮጠ። የአልጋ እግር ተነቀለ፣ አግዳሚ ወንበር ተሰበረ፣ የምግብ ሰሃን እንደ መጥረቢያ ተወነጨፈ። አንዱ የሌላውን ጆሮ በጥርሱ ይዞ ሲጎትት በካሜራ ታየ። ልጅቷ «ዝጋ! ዝጋ!» እያለች ትጽፋለች። ኤጀንቱ ረጋ ብሎ ይመልሳል፦ «በበሮቹ መሐል የሰው አካል ስላለ መዝጋት አይቻልም።» ቡጢ የገዛ ዓረፍተ ነገሩን አወቀው።

በአንዱ ማሳያ ጥግ አባባ ወጡ። አባባ በብሎኩ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እስረኛ ናቸው፤ ጆሯቸው ከብዷል። በራቸው የሚከፈተው የውኃ መቅጃ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ስለነበር ኩባያቸውን ይዘው ነው የወጡት። ግራ ቀኝ አላዩም። እንደ ልማዳቸው በግድግዳው ዳር ወደ ቧንቧው አመሩ። ከወዲያ በኩል የመጣው የሰው ጎርፍ ገጭቶ ጣላቸው። አንድ እግር ደረታቸው ላይ ዐረፈ፣ ሌላ ፊታቸው ላይ፣ ከዚያ እግር በእግር ላይ ተደራረበና ሰውነታቸው ከማሳያው ላይ ጠፋ።

«አዲሱ ልጅ ውስጥ ቀርቷል!» ብላ ልጅቷ ጮኸች። ሰሃን ሊሰበስብ የገባ፣ ገና የሠራተኛ ጫማው ያልለሰለሰለት ጠባቂ ነበር። ሦስት ሆነው መሬት ላይ አጋድመው በእርግጫ እየፈጩት ነው።

ቡጢ በደረጃው ወረደ፤ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። ከብሎኩ በር ውጪ ጠባቂዎች ተሰብስበው ረዳት ኃይል እየጠበቁ ነው። የፈረቃው አለቃ ደረቱን ይዞ ገፋው። «አብደሃል? ጋሻ የያዙት እስኪመጡ ማንም አይገባም!»

«እስኪመጡ ልጁ ያልቃል! በሩን ክፈት!»

አለቃው ዓይኑን አይቶ ትንሿን በር ከፈተለት።

መጀመሪያ ያገኘው ሰው አፍንጫ በጡጫው ሥር ተጠፍጥፎ ቀረ። ሁለተኛውን በጉልበቱ ሆዱን አለው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። ያ ያስተኛው አውሬ ነቅቶ ክንዱ ውስጥ ሲዘል፣ አጥንት በአጥንት ላይ ሲያርፍ፣ አፉ ድረስ ጣፈጠው። በዚህ ስካር ውስጥ ሆኖ ልጁ ላይ ደረሰ። የልጁ አንድ ዓይን ቦታው ላይ አልነበረም። ኮሌታውን ይዞ በደም ላይ እያንሸራተተ ጎተተውና በትንሿ በር አሾለከው። ከወዲያ እጆች ተቀበሉት። ቡጢ ሊከተል እግሩን ሲያነሣ ከኋላ በወገቡ ያዙትና ነቅለው ወሰዱት።

ወደቀ። እርግጫው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የጎን አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰማው። አንዱ የሾለ ነገር ይዞ ሲያጎነብስበት አየና ዓይኑን ጨፈነ።

«ተዉት! ይሄ የኔ ነው!»

ንግግሩ የተንሻፈፈ ነበር፤ ቃላቱ በጥርስ ክፍተት ያፏጫሉ። ልብስ ሰፊው ነው። በእጁ የአልጋ እግር ይዟል። ሌሎቹ የእስር ቤት ሕግ ያውቃሉና ቂም ላለው ሰው ቦታ ለቀቁ። ልብስ ሰፊው በፀጉሩ ይዞ ወደ አንድ ባዶ ክፍል ጎተተው።

«በየትኛው እጅህ ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ቡጢ ቀኝ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«በቀኝህ ነው። እኔ አልረሳሁትም።»

ቀኝ እጁን በአልጋው ብረት ጠርዝ ላይ አነጠፈውና የአልጋውን እግር አሳረፈበት። ቡጢ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ የእሱ መሆናቸው ቀረ፤ ስጋና ብረት ተቀላቀለ። በዚህ መሐል ደላላውን የወጋው ሰው፣ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«በቃህ፣ ለኛ ተውልን፤ እኛ እንጨርሰው።»

«ጨርሻለሁ አልኩህ? ከዚህ ጥፋ!»

«ሰውዬ፣ ዘወር በል።»

ልብስ ሰፊው ብረቱን አዙሮ የሰውየውን ጉልበት መታው፤ ሰውየው እያነከሰና እየተሳደበ ሄደ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ጀርባውን ለቡጢ ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ብረቱን ጭኑ ላይ አጋደመ። ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ። ቡጢ ወለሉ ላይ ተዘርሮ የሚሰማው በዚያ በተጣመመ መንጋጋ የሚያፏጨውን ትንፋሽ ብቻ ነበር። አስለቃሽ ጭሱ ገብቶ ጋሻ የያዙት እስኪደርሱ ልብስ ሰፊው ከደጃፉ አልተነሣም።

ሆስፒታል ሲነቃ ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። እጁ እስከ ክርኑ በጄሶ ታሽጓል። ደላላው ወዲያው ሞቷል። አባባ አምቡላንስ ውስጥ ሞተዋል። አዲሱ ልጅ በአንድ ዓይን ተርፏል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችውና ሾርባውን በማንኪያ አቀረበችለት።

ኃላፊዋ መጣች። ከአልጋው ግርጌ ቆማ «ለጋዜጠኞች መግለጫ እንሰጣለን» አለች። «ማሽኑ አብዷል ነው የምንለው። አንተም ከተጠየቅህ እንደዚያው በል።»

«አላበደም» አለ ቡጢ። «የተጻፈለትን ነው ያነበበው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው አለ፤ ውሸት ነው? እኔ አደጋ ብዬ ጻፍኩ፤ እሳት ማለቴ እንደሆነ አልነገርኩትም።»

«ይሄን ካልህ የሚበሉት አንተን ነው።»

«ይብሉኝ።»

ኃላፊዋ «እኔ አልሰማሁህም» ብላ ወጣች። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ተናገረ።

ልጅቷም መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ጠይቄዎት ነበር፤ ከዚያ አለፍኩት» ብላ ማልቀስ ስትጀምር «ኋላ ታለቅሻለሽ፤ አሁን ጻፊ» አላት። እሱ ሲናገር እሷ ጻፈች፦ «የእሳት ጊዜ መክፈቻ፦ ብሎኩ ውስጥ እሳት ወይም ጭስ ሲኖር ብቻ የብሎኩን ክፍሎች በሙሉ ይከፍታል። ከመጠቀምህ በፊት ጭሱን በካሜራ እይ፤ ሙቀቱንም በመለኪያው አረጋግጥ። ለድብድብ፣ ለታመመ ወይም ለቆሰለ ሰው፣ ለጩኸት አትጠቀምበት። ሰው ሲደባደብ ይህን ብትከፍት ብዙ ሰው ይሞታል። ለድብድብ ጠባቂ ጥራ፤ ሌላ በር አትንካ።»

ልጅቷ እርሳሷን አቆመች። «ሁለቱም ባንዴ ቢመጡስ? እየተደባደቡ ክፍሉን ቢያቃጥሉት?»

ቡጢ ሲመልስ ድምፁ የደከመ ነበር። «ሙቀቱ ከተረጋገጠ ይክፈት። በእሳት ከሚያልቁ ተደባድበው የሚተርፉት ይበዛሉ። እሱንም ጻፊው። ከነምክንያቱ።»

በሦስተኛው ሳምንት መርማሪ መጣ። በልብስ ሰፊው ላይ አዲስ ክስ ሊመሠረት ነውና የቡጢን ቃል ፈለገ።

«እጅህን የሰበረው እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ሦስት ጊዜ መትቶኛል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንዳልገደል ጠብቆኛል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እኔ እጁን ሳያነሣብኝ መንጋጋውን ሰብሬዋለሁ።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ። «የትኛውን ልጻፍ?»

«ሦስቱንም። በቅደም ተከተል።»

«እሱ ራሱ ለምን እንደጠበቀህ ሲጠየቅ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹እኔ የፈለግሁት እጁን ነው› አለ።»

ክሱ ቀለል ብሎ በልብስ ሰፊው ላይ ጥቂት የእስር ጊዜ ተጨመረበት፤ ወደ ሌላ እስር ቤትም ተዛወረ። ሁለቱ ዳግም አልተያዩም።

ቡጢ ወደ ሥራ በተመለሰ ሰሞን የአባባ ልጅ የአባቷን ዕቃ ልትወስድ መጣች። አንድ ሹራብ፣ አንድ መነጽርና አንድ ኩባያ ነበር። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ አስረክቦ ሊሸኛት ሲል ቡጢ ከፎቅ ወርዶ ፊቷ ቆመ። ያዘዘው የለም።

«ያን ቀን እርስዎ ነበሩ?» አለችው።

«ነበርኩ። በካሜራ አይቻለሁ። ውኃ ሊቀዱ ነው የወጡት። የደረሰ ሰው አልነበረም፤ ተረገጡ። በሩን የከፈተው ማሽኑ ነው። እንዲከፍተው ያደረገው እኔ የጻፍኩት ነገር ነው።»

ሴትየዋ ሹራቡን ደረቷ ላይ እንደያዘች አየችው። «ምን ብለው ነው የጻፉት?»

ቡጢ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ቃል ሳያጎድል ነገራት።

በልቧ ደገመችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። «እኔም ብሆን እከፍተው ነበር» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አንተ!» አለች። «አንተ ሰውዬ! እንዲህ ቆመህ ትነግረኛለህ?» በጥፊ መታችው። ደገመችው። ሦስተኛውን በጡጫዋ ስትሰነዝር የታሸገው እጁ ላይ ዐረፈና ሕመሙ እስከ ጥርሱ ሥር ነዘረው። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ሊይዛት ተነሣ። ቡጢ በግራ እጁ «ተዋት» አለው። እስኪደክማት መታችው፤ ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ እያለቀሰች ወጣች።

ከማዕረጉ ዝቅ ተደርጎ ደመወዙ ተቀነሰ። ሁለቱ ጣቶቹ አሁንም አይታጠፉም፤ ኪቦርዱን የሚመታው በግራው ነው፣ ቀስ ብሎ። ኢንጂነሯን ድርጅቷ ሌላ ቦታ ስለላካት ሌላ ባለሙያ መጥቶ ነበር፤ ቸኳይ ወጣት። አንድ ቀን የውኃ መዝጊያውን መግለጫ አይቶ «ይሄ እኮ ግልጽ ነው፤ እንለፈው» አለው። ቡጢ ወንበሩን ወደ እሱ ሳበና «ለማን ነው ግልጽ?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው አብረው አነበቡት።